የጓሮ አትክልት ዘብ ሕፃን ልጅ መሆን የለበትም

የጓሮ ድንች ፍሬ መያዝ ሲጀምርና የበቆሎ እሸት ጢሙ ሲጠቁር በብዙ ቀበሌዎች የአርሶ አደሩ ቤተሰብ እንቅልፍ ይቀንሳል። ሌሊት ጃርት ይመጣል። መደቡን ቆፍሮ፣ ድንቹን በግማሽ በልቶ በግማሽ ጥሎ ከመንጋቱ በፊት ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ጫካና ገደል በሚቀርባቸው ጎጦች የዱር አሳማና ከርከሮ ይጨመራሉ። እነሱ የሚበሉት ብቻ ሳይሆን በአፍንጫቸው የሚገለብጡትና በእግራቸው የሚረጋግጡት ጭምር ጥፋት ነው። ሲነጋ ደግሞ ተራው የዝንጀሮና የጦጣ ይሆናል።

ይህ ለማንም አርሶ አደር አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን የጥፋቱ መጠን በወረዳ ሪፖርት ውስጥ ሲገባ እምብዛም አይታይም። የተተከለው ችግኝ ይቆጠራል፤ የተከፋፈለው ዘር ይመዘናል፤ በጓሮ አትክልት የተሸፈነው መሬት በሄክታር ይገለጻል። ከዚያ ውስጥ ጃርት የቆፈረው፣ ዝንጀሮ የሸለቀቀውና ወደ ማጀት ያልገባው ግን የሪፖርት ሰንጠረዥ የለውም። ያልተቆጠረ ጥፋት በጀት አይያዝለትም፤ ባለሙያም አይመደብለትም።

ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ጓሮ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሆኖም ከቤቱ ጀርባ ያለችው መሬት ለቤተሰቡ ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ቃሪያውን፣ ድንቹንና እሸቱን የምታቀርብ ናት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም ይፋ ባደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቆም ቃል ገብቷል። እ.ኤ.አ በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ጓሮ የሚለማው ለእነዚህ ሕፃናት ሳህን ነው። ስለዚህ ጓሮን ከአውሬ መጠበቅ የእርሻ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕፃናት ጤና ጉዳይም ነው።

ጥበቃው በነፃ አይደለም

አርሶ አደሩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማማ ይሠራል፤ ወንጭፍ ያጮኻል፤ ጅራፍ ያስጮኻል፤ ውሻ ያስራል፤ እሳት ያነዳል፤ የእሾህ አጥር ያጥራል፤ ማስፈራሪያ ያቆማል። እነዚህ ዘዴዎች ከአባት ለልጅ የተላለፉ ናቸው፤ ጥቅማቸውም ቀላል አይደለም። ችግሩ የሚያስከፍሉት ዋጋ በገንዘብ ስለማይታይ ነፃ መምሰላቸው ነው።

ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። ድንች ፍሬ ከያዘበት ጊዜ እስኪቆፈር ድረስ 45 ሌሊት ቢጠበቅና በየሌሊቱ 10 ሰዓት ቢቆጠር 450 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን 8 ሰዓት ሲመነዘር ከ56 የሥራ ቀን በላይ ነው። አንድ ሰው ለአንዲት ጓሮ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የሥራ ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው እያንቀላፋ ነው። በብርድና በዝናብ ማማ ላይ ማደር ለሕመም ይዳርጋል። ወባ ባለበት አካባቢ ከቤት ውጭ የሚያድር ሰው ከአጎበር ውጭ ያደረ ሰው ነው።

ከሁሉም የከፋው ዋጋ የሚከፈለው በቀን ጥበቃ ላይ ነው። ዝንጀሮና ጦጣን የሚጠብቁት በአብዛኛው ልጆች ናቸው። እሸት የሚደርስበት ወቅትና ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወቅት ደግሞ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ነሐሴ ማብቂያና መስከረም ላይ አንዱ እኩያ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ ሌላው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። በመስኖ የሚለማ ጓሮ ያለው ቤተሰብ ልጅ ደግሞ በበጋውም ከትምህርት ይቀራል። መምህሩ ስሙን ጠርቶ «የለም» ሲባል ብዙውን ጊዜ ያለው ዝንጀሮ ጥበቃ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። ወላጁ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ወይም ልጁን ጠልቶ አይደለም። ሰብሉ ከጠፋ የሚበላው፣ ልጁ ከቀረ የሚማረው የለም፤ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ተገዷል። የግብርናው ዘርፍ ሥራ ይህን ምርጫ ከወላጁ ጫንቃ ላይ ማንሳት መሆን አለበት።

ሽቦ ሁሉ አጥር አይደለም

ኤሌክትሪክ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እየገባ ሲሄድ አንድ አደገኛ ሐሳብም አብሮ ይገባል። ይኸውም ከቤት መብራት ላይ ባዶ ሽቦ ቀጥሎ በጓሮው ዙሪያ መዘርጋት ነው። ሐሳቡ ርካሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ሞት ነው። በሕንድና በስሪላንካ ሰብላቸውን ከዱር እንስሳት ለመከላከል ገበሬዎች በዚህ መንገድ የዘረጉት ሽቦ ዝሆኖችን ብቻ ሳይሆን ሰዎችንም ገድሏል፤ የራሱን ሽቦ ረግጦ የሞተ ገበሬም አለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቤት ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ሲሆን ኃይሉ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ሰው ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል፤ እጁ ሽቦውን መልቀቅ ያቅተዋል። የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳን በማይሞላ ኃይል የሰው ልብ ምቱን ሊስት ይችላል። ብዙ ሰው «ችግር ቢፈጠር ቆጣሪው ጋ ያለው ማቋረጫ ይቆርጣል» ብሎ ይተማመናል። ይህ ስሕተት ነው። በቤት ውስጥ የሚገጠመው ተራ ማቋረጫ 10 ወይም 16 አምፔር የሚሸከም ነው። ሰውን የሚገድለው ኃይል ከዚህ ከመቶ እጅ በላይ ያነሰ ስለሆነ ማቋረጫው ምንም ሳይሰማው ሰውየው ይሞታል። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ሲረጥብ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሌሊት ጥጃ የጠፋበት ጎረቤት፣ ኳሱን ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ፣ ጠዋት ማጥፋቱን የረሳው ባለቤቱ ራሱ ሊሞቱ ይችላሉ። የሽቦው ባለቤት ሰው ከሞተበት በወንጀል ይጠየቃል፤ በጎረቤት መካከልም ቂም ያተርፋል። ይህ ወጥመድ እንጂ አጥር ሊባል አይችልም።

የዚህ አደጋ መኖር ግን ትክክለኛውን የኤሌክትሪክ አጥር አብሮ ሊያስጠላ አይገባም። ሁለቱ በስም እንጂ በአሠራር አይገናኙም። ትክክለኛው አጥር ኢነርጃይዘር በሚባል መሣሪያ የሚሠራ ሲሆን ኤሌክትሪኩን እንደ ልብ ምት እየቆራረጠ ይልካል። አንድ ምት በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይላካል፤ የምቱ ርዝማኔ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ቮልቱ ብዙ ሺህ ቢሆንም የሚላከው ጉልበት በጣም ጥቂት ነው። ዓለም አቀፉ የደኅንነት መመዘኛ አንድ ምት ከ5 ጁል እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ለጓሮ የሚሆነው መሣሪያ ደግሞ በአንድ ጁልና ከዚያ ባነሰ ይሠራል። የነካው ሰው ወይም እንስሳ በኃይል ይደነግጣል፤ ያመዋል፤ ነገር ግን በምትና በምት መካከል ባለው ክፍተት ወደኋላ ይላቀቃል። እንስሳው የሚሸሸው ስለተጎዳ ሳይሆን ስለደነገጠ ነው፤ የደነገጠበትንም ቦታ ያስታውሳል።

መሣሪያው የሚፈልገው ኃይል ከአንድ ትንሽ አምፖል የሚበልጥ ስላልሆነ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና በ12 ቮልት ባትሪ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ መብራት ያልገባበት ቀበሌም ሊጠቀምበት ይችላል።

የሌሎች ልምድ ምን ያሳያል?

በሰሜን አሜሪካ ራኩን የሚባል እንስሳ አለ። ቁመቱ ከድመት ከፍ ይላል፤ ሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ የፊት እግሩን እንደ እጅ ይጠቀማል፤ ከሁሉ በላይ የበቆሎ እሸት ይወዳል። እሸቱ ለመብላት ሊደርስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ገብቶ አገዳውን እየሰበረ በአንድ ሌሊት ጓሮ ባዶ ያደርጋል። ተራ አጥር አይከለክለውም፤ ይወጣዋል። እዚያ ያሉ የጓሮ አልሚዎች ያገኙት መፍትሔ ረጅም ግንብ መገንባት አይደለም። ከመሬት 15 እና 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ሽቦ ብቻ ዘርግተው ከምት ሰጪው መሣሪያ ጋር ያገናኛሉ። እንስሳው ለመግባት ሲሞክር በእርጥብ አፍንጫው ወይም በመዳፉ ይነካዋል፤ ደንግጦ ይመለሳል። ሰውየው ደግሞ እግሩን አንሥቶ ተሻግሮ አትክልቱን ይኮተኩታል።

ራኩን በኢትዮጵያ የለም። ልምዱ ግን ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የአጥሩ ጥንካሬ በከፍታው ሳይሆን ሽቦው በእንስሳው አፍንጫ ልክ በመሆኑ ላይ ነው። ጃርት በእሾህ፣ የዱር አሳማ በጠጉርና በወፍራም ቆዳ ስለተሸፈኑ ምቱ የሚሰማቸው በአፍንጫቸው በኩል ነው። ሁለተኛ፣ አጥሩ መዘርጋት ያለበት እንስሳው የእሸቱን ጣዕም ከማወቁ በፊት ነው። አንዴ ገብቶ ከበላ በኋላ ቢታጠር ደንግጦም ቢሆን ጥሶ ለመግባት ይሞክራል። ሦስተኛ፣ ሽቦው በተዘረጋበት ጊዜ ሁሉ ኃይል ሊኖረው ይገባል። ኃይል የሌለውን ሽቦ ደጋግሞ የነካ እንስሳ መፍራቱን ይተዋል።

ወደ ቅርብ ስንመጣ ጎረቤት ኬንያ አለች። በአበርዴር ተራሮች ዙሪያ እ.ኤ.አ በ1989 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኤሌክትሪክ አጥር ጫካውንና የገበሬውን ማሳ ለይቷል። ያ አጥር ዝሆንን ለማስቆም የተሠራ ትልቅ ሥራ ስለሆነ ከአንዲት ጓሮ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ቴክኖሎጂው በአካባቢው አየር ንብረትና አፈር እንደሚሠራ፣ ዋናው ፈተናም መዘርጋቱ ሳይሆን ለዓመታት መንከባከቡ እንደሆነ ያሳያል።

በጓሮ ላይ እንዴት ይሠራል?

25 በ20 ሜትር የሆነች ጓሮ ስፋቷ 500 ካሬ ሜትር፣ ዙሪያዋ 90 ሜትር ነው። ሁለት ሽቦ ለመዘርጋት 180 ሜትር፣ ሦስት ለመዘርጋት 270 ሜትር ሽቦ ይበቃል። በየ3 ሜትሩ አንድ ቢተከል 30 የባሕር ዛፍ እንጨት ያስፈልጋል፤ ይህን አብዛኛው አርሶ አደር ከራሱ ማሳ ያገኘዋል። ሽቦው እንጨቱን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ ላይ ይታሰራል። እንጨት ሲረጥብ ኃይሉን ወደ መሬት ያፈስሰዋልና።

ለጃርት ዝቅተኛው ሽቦ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ለዱር አሳማ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ከላዩ አንድ ወይም ሁለት ሽቦ ይጨመራል። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ሽቦው መሬቱን ተከትሎ መሄድ አለበት፤ ጉድባ ላይ የተተወ ክፍተት ለጃርት በር ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ሁለተኛው ገመድ ቢያንስ አንድ ሜትር ርዝመት ካለው፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ይገናኛል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ምቱ ዙሩን የሚጨርሰው በእንስሳው አካልና በመሬት በኩል ወደዚህ ዘንግ ተመልሶ ነው። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ መሬት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ ዘንጉ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ፣ ለምሳሌ በመስኖ ቦይ ዳር፣ መቀበር አለበት። አለበለዚያ ከሽቦዎቹ አንዱ ከዘንጉ ጋር ተገናኝቶ እንስሳው ሁለቱን ሲነካ ምቱ እንዲሰማው ይደረጋል።

ቀሪው ሥራ የየሳምንት ክትትል ነው። ሣርና አረም ሽቦውን ሲነካ ኃይሉ ይባክናል፤ ስለዚህ ከሽቦው ሥር ያለው ይታጨዳል። የባትሪው ኃይል ይታያል። በሽቦው ላይ ምት መኖሩ በሣር አገዳ ግምት ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ መለኪያ ይረጋገጣል።

የደኅንነት ደንቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ለድርድር አይቀርቡም። መሣሪያው በፋብሪካ የተሠራና የደኅንነት መመዘኛውን ያሟላ መሆን አለበት፤ በእጅ የተገጣጠመ ወይም ከመብራት በቀጥታ የተቀጠለ አይፈቀድም። እሾህ ያለው ሽቦ ከመሣሪያው ጋር አይገናኝም፤ ሰው ወይም ከብት ከተያዘበት መላቀቅ አይችልምና። በአንድ አጥር ላይ ሁለት መሣሪያ አይገጠምም። በሕዝብ መተላለፊያ ዳር የማስጠንቀቂያ ምልክት ይደረጋል፤ ማንበብ ለማይችልም በሥዕል ይገለጻል። የኤሌክትሪክ መስመር በላዩ በሚያልፍበት ቦታ አጥሩ አይዘረጋም። ልጆች በጭንቅላታቸው እንዳይነኩትና ከሥሩ እንዳይሾልኩ ይነገራቸዋል።

ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?

የምት አጥር የሁሉ መድኃኒት አይደለም። ዝንጀሮና ጦጣ ይዘላሉ፤ ከአጥሩ ዳር ካለ ዛፍ ላይ ተወርውረው ይገባሉ፤ አንዱ የሞከረውን ሌላው አይቶ ይማራል። ሁለት ዝቅተኛ ሽቦ አያቆማቸውም። እነሱን የሚከለክለው ወንፊት ሽቦ ከላይ በምት ሽቦ የተጠናከረ ከፍ ያለ አጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ውድ ነው። ዝንጀሮ በሚበዛበት ጎጥ በጫካው ዳር እሸት ከመዝራት ይልቅ ዝንጀሮ የማይደፍረውን ሰብል መዝራት፣ እሸቱን ወደ ቤት ማስጠጋት፣ ጥበቃውንም ለአዋቂዎች በተራ ማከፋፈል የተሻለ ነው። ቢሆንም የምት አጥሩ የሌሊቱን ጥበቃ ከተሸከመ፣ ሌሊት ያደረው አዋቂ ቀን መጠበቅ ይችላል። ልጁም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። አንድ ጓሮ ብቻ ሲታጠር ጃርቱ ረኃቡን ይዞ ወደ ጎረቤት ያልፋል። መጀመሪያ አጥር የሚገዛው አቅም ያለው ነው። ስለዚህ የተባረረው አውሬ የሚያርፈው መግዛት ያልቻለችው፣ ብዙ ጊዜም ያለ ባል ልጆቿን የምታሳድገው እናት ጓሮ ላይ ነው። የአንዱ መፍትሔ የሌላው መከራ መሆን የለበትም። ከዚህ የተነሣ አጥሩ በቤት ሳይሆን በጎጥ ቢታሰብ ይሻላል። ኩታ ገጠም የሆኑ አራትና አምስት ጓሮዎች በአንድ ዙሪያ ቢታጠሩ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ባትሪና አንድ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይበቃቸዋል። የጋራ ድንበራቸው ላይ ሽቦ ስለማያስፈልግም ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በጃርት ላይም ይሠራል።

«ከዚህ ሁሉ መርዝ ማስቀመጥ ወይም ማደን አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይቀልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን በሕግ ጥላ ሥር አድርጓል። መርዝ ደግሞ ለጃርት ተብሎ ቢቀመጥም የሚገድለው ጃርትን ብቻ አይደለም። የቤቱን ውሻ፣ የጎረቤትን ከብት፣ በድን የሚያጸዳውን ጥንብ አንሣና ጅብ ይገድላል፤ የጓሮውን አፈርና ውሃም ይበክላል። አትክልቱን ልጆች ይበሉታል፤ መርዝ ከልጅ ሳህን አጠገብ ቦታ የለውም።

የወረዳው ድርሻ

አርሶ አደሩ ሽቦውን ሊዘረጋ ይችላል። ሆኖም ብቻውን የማይሠራቸው ሥራዎች አሉ፤ እነዚህም የወረዳና የቀበሌ አመራር ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ጥፋቱን መቁጠር ነው። የልማት ሠራተኛው የችግኝ ቁጥር የሚመዘግብበት ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ጎጥ፣ ምን ያህል መደብ እንዳጠፋ ይታወቃል። ትምህርት ቤቱም ተማሪ የቀረበትን ምክንያት ሲመዘግብ «ሰብል ጥበቃ» የሚለውን ለይቶ ቢጽፍ ግብርና ጽሕፈት ቤቱና ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚነጋገሩበት ማስረጃ ያገኛሉ።

ሁለተኛው በዓይን ማሳየት ነው። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት የተቋቋሙት ለዚህ ነው። በአንድ ማዕከል ግማሹ መደብ ታጥሮ፣ ግማሹ ሳይታጠር በአንድ ወቅት ድንችና በቆሎ ቢዘራበት አርሶ አደሩ ከሥልጠና ወረቀት ይልቅ ከመደቡ ይማራል። ካልሠራም አለመሥራቱ ይታወቃል፤ የአርሶ አደሩ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት።

ሦስተኛው ከመብራት የተቀጠለ ባዶ ሽቦን ማስቆም ነው። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። የቀበሌ አስተዳደር፣ ፖሊስና የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኞች በየጎጡ ባለ ስብሰባ ላይ አደጋውን ማስረዳት፣ የተዘረጋ ካለም ማስነሣት አለባቸው። ክልከላው ብቻውን ግን አይበቃም። ሰውየው ሽቦውን የዘረጋው ጃርቱ ስላስመረረው ነውና «ተው» ሲባል «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሌለው ክልከላ ቀን ተነሥቶ ሌሊት ተመልሶ የሚዘረጋ ሽቦ ያስከትላል።

አራተኛው አቅርቦትና ጥገና ነው። መሣሪያው በነፃ ከታደለ ባለቤት አይኖረውም፤ ባትሪው ለሬዲዮና ለስልክ መሙያ ይሆናል። በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት በኩል ቀርቦ፣ ከድንች ሽያጭ በኋላ በሚከፈል ብድር ቢሰጥ ይሻላል። ማኅበሩ በጅምላ ሲገዛ የመሣሪያውን ጥራትም መምረጥ ይችላል። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቁ ወጣቶች ደግሞ ገጠማና ጥገናውን እንደ ሥራ ሊይዙት ይችላሉ። ጠጋኝ የሌለው መሣሪያ በአንድ ክረምት ቆሻሻ ይሆናል፤ ይህ በእጅ ፓምፕም፣ በፀሐይ መብራትም የታየ ነው።

ከአርሶ አደሩም የሚጠበቅ አለ። ሽቦ የገዛ ሰው ክትትሉንም መግዛቱን ማወቅ አለበት። ከጎረቤት ጋር ሳይስማማ በድንበር ላይ መዘርጋት የለበትም። ከሁሉ በላይ፣ በአጥሩ ያተረፈውን ጊዜ ለልጁ መመለስ አለበት። ማማው ባዶ ሆኖ ልጁ ወደ ሌላ ጥበቃ ከተላከ አጥሩ ድንቹን እንጂ ልጁን አላዳነም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ይህ ሥራ የሚጀመረው እሸት ከደረሰ በኋላ ሳይሆን መደቡ ሲዘጋጅ ነው። ወረዳዎች የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ በየቀበሌው ስንት ጓሮ እንደሚለማ ብቻ ሳይሆን የለማው እንዴት እንደሚጠበቅና ማን እንደሚጠብቀው ሊጽፉ ይገባል። በዚያ ዓምድ ላይ የሚሰፍረው መልስ «ልጆች» የሚል ከሆነ ዕቅዱ ገና አላለቀም።